ሽልማቱና ምስክርነቱ፦ «ያልታወቀው ረሃብ» ሲመዘን

ሽልማት በአንድ ጊዜ ሁለት ፍርድ ይሰጣል። አንደኛው በተሸላሚው ሥራ ላይ የሚሰጥ ነው፤ ሁለተኛው ሸላሚው ሳያስበው በራሱ ላይ የሚሰጠው ነው። የትኛው ሥራ ከየትኛው እንደ በለጠ የሚናገር ዳኛ፣ በምን መስፈሪያ እንደ ሰፈረም አብሮ ያስታውቃልና። ለሥዕል፣ ለልብ ወለድና ለቴአትር የሚሰጡ ሽልማቶች ከዚህ አኳያ ብዙ ጊዜ ተመርምረዋል። በራዲዮና በቴሌቪዥን ለሚቀርብ የጋዜጠኝነት ሥራ የሚሰጠው ሽልማት ግን ከዕለቱ ዜና ጋር አብሮ ያለፈ እየመሰለ ከሐያሲ ዓይን ሲያመልጥ ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ1974 በለንደን ለጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የተሰጠው «የሪቻርድ ዲምብልቢ ሽልማት» ግን እንዲሁ ሊታለፍ የሚገባው አይደለም። ሽልማቱን ያስገኘው «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘው የቴሌቪዥን ፊልም የተነሣው በወሎ ነው። ፊልሙ በሁለት አገር፣ በሁለት መልክ ታይቷል። በአንዱ አገር ሽልማት አስገኘ፤ በሌላው አገር በዙፋን ላይ ከተሰነዘሩት ክሶች አንዱ ሆነ። በመሆኑም የማስተላለፊያ ጋዜጠኝነት ላቅ ያለ ደረጃ ላይ ደረሰ የሚባለው ምን ሲሆን ነው ለሚለው ጥያቄ ከዚህ ፊልም የተሻለ መፈተኛ ማግኘት ያስቸግራል።

የሽልማቱ ስም

ሽልማቱ ስሙን የወረሰው እ.ኤ.አ. በ1913 ተወልዶ በ1965 ካረፈው ከእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ከሪቻርድ ዲምብልቢ ነው። የአገሩ ሕዝብ ይህን ሰው በይበልጥ የሚያስታውሰው በ1953 የንግሥት ኤልሣቤጥን የዘውድ በዓል፣ በ1965 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የዊንስተን ቸርችልን ቀብር በቴሌቪዥን ሲያስተላልፍ በተሰማው ግርማ ሞገስ ባለው ድምፁ ነው። ይሁን እንጂ በጋዜጠኝነት ታሪክ ውስጥ ትልቁን ቦታ ያሰጠው ሥራ የበዓልም የቀብር ሥርዓትም አልነበረም።

የቢ.ቢ.ሲ. የመጀመሪያው የጦር ሜዳ ዘጋቢ የነበረው ዲምብልቢ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1945 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ቤርገን ቤልሰን ወደተባለው የናዚዎች የእስረኞች ሰፈር ገባ። በሰፈሩ ውስጥ ወደ 60,000 የሚጠጉ እስረኞች ከሞት አፋፍ ላይ ነበሩ፤ ወደ 13,000 የሚደርስ አስከሬንም ሳይቀበር ተበትኖ ነበር። ዘጋቢው ያየውን በራዲዮ ተናገረ። ለንደን የነበሩት አለቆቹ ግን ቃሉን ማመን አቃታቸው፤ ከሌላ ወገን ሳይረጋገጥ እንዳይተላለፍም ያዙት። ዲምብልቢ ዘገባው ካልተላለፈ ሥራውን እንደሚለቅ አስታወቀ፤ ዘገባውም ተላለፈ። እንግዲህ በዚህ ስም የሚጠራ ሽልማት ገና ከመነሻው አንድ መለኪያ ይዟል ማለት ነው፦ ያየ ሰው ያየውን የማያምን አለቃ ቢገጥመውም እንኳ ምስክርነቱን አለመተዉ።

ሽልማቱን የሰጠው የፊልምና የቴሌቪዥን ጥበባት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1958 የእንግሊዝ ፊልም አካዳሚና የቴሌቪዥን አዘጋጆችና ዳይሬክተሮች ማኅበር ተዋሕደው ያቋቋሙት ነው። ከ1976 ወዲህ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው ባፍታ በሚለው አጭር ስሙ ነው። ለቴሌቪዥን ሥራ ይሰጥ ዘንድ አሜሪካዊቷ ቀራፂ ሚትዚ ከንሊፍ በ1955 የሠራችው ምልክትም የቴአትር ጭንብል ነው። ይህ ምልክት አንድ ነገር ያሳስባል። ጭንብል ፊት ነው፤ በሪቻርድ ዲምብልቢ ስም የተሰየመው ሽልማትም በእውነተኛ ጉዳዮች ፕሮግራም ላይ በመስኮቱ ፊት ለፊት ለሚቆመው ሰው፣ ማለትም ለፊቱና ለድምፁ የሚሰጥ ነበር። የሽልማቱ ብርታትም ጉድለትም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ፊልሙ

«ያልታወቀው ረሃብ» ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ማታ ለእንግሊዝ ተመልካች ቀረበ። ያዘጋጀው ቴምዝ ቴሌቪዥን ሲሆን፣ የታየው «ይህ ሳምንት» በተባለው ፕሮግራም ነው። ጆናታን ዲምብልቢ፣ የሪቻርድ ልጅ፣ ያን ጊዜ የ29 ዓመት ወጣት ነበር።

አባት በተሸለመበት ስም ልጅ መሸለሙ ሐሜት ሊያስነሣ ይችል ይሆናል። ሐሜቱን የሚያጠፋው ግን የሥራው ባሕርይ ነው። ወጣቱ ጋዜጠኛ ከአባቱ የወረሰው ግርማ ያለውን ድምፅ ሳይሆን የቤልሰኑን ቁጥብነት ነው። በወሎ የተራቡ ሰዎች በተሰበሰቡበት ስፍራ ካሜራው አይቸኩልም። ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው በዝግታ ይሄዳል፤ ሕፃን በታቀፈች እናት ዘንድ ይቆማል፤ ተመልካቹ ዓይኑን ሊያነሣ ሲል እንኳ አይነሣለትም። ትረካው ጥቂት ነው። ቃሉ ምስሉን አይሽቀዳደመውም፤ ምስሉ ሊናገር ባልቻለበት ቦታ ብቻ ይገባል። ቁጣ በድምፁ ውስጥ አይሰማም፤ ቁጣው ለተመልካቹ የተተወ ነው።

የፊልሙ ጉልበት በተግባር ታይቷል። ፊልሙን ተከትሎ በእንግሊዝ አገር በወጣው የእርዳታ ጥሪ ወደ 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰበሰበ። የቅርጹ ቁጥብነት ከይዘቱ ክብደት ጋር የተስማማ በመሆኑ፣ ፊልሙ እንደ ጋዜጠኝነትም እንደ ጥበብም የተሳካ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ማኅበሩ በዚህ ረገድ የሰጠው ፍርድ ትክክል ነበር።

«ያልታወቀ» ለማን?

ሆኖም የፊልሙ ርእስ ራሱ ሊጠየቅ ይገባዋል። ረሃቡ ያልታወቀው ለማን ነው? ለወሎ ገበሬ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። በ1965 ዓ.ም. ረሃብተኞች ወደ አዲስ አበባ በሚያመራው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ተሰልፈው መኪና እያስቆሙ እህል ይለምኑ ነበር። በዚያ መንገድ የተጓዘ ነጋዴ፣ ሹፌርና መንገደኛ ሁሉ አይቷል። በዚያው ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ፎቶግራፎቹም በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለእይታ ቀረቡ። ይህ የሆነው ካሜራው ከለንደን ከመምጣቱ ከወራት በፊት ነው። የመንግሥት ሹማምንትም ከጠቅላይ ግዛቱ የሚመጣውን ወሬ ያውቁ ነበር፤ ያወቁትን ግን ለሕዝብ አልገለጡም።

ስለዚህ ረሃቡ ታውቆ ያልተነገረ፣ ተነግሮም ያልተሰማ ረሃብ ነበር። «ያልታወቀ» የሚለው ቃል የእንግሊዝን ተመልካች ዕውቀት የዓለም ዕውቀት ያደርገዋል። ይህ ስሕተት ዛሬም ድረስ በውጭ አገር ዘገባዎች ላይ ይታያል፦ ነገሩ ታወቀ የሚባለው እነሱ ባወቁ ዕለት ነው። ሽልማቱም ይህንኑ አመለካከት ይዞ ተከተለ። ከእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ አስቀድመው ወደ ወሎ የወረዱትና ፎቶግራፍ ያነሡት ሰዎች፣ ሥራቸው ለሥራው ፈር ቀዳጅ ሆኖ ሳለ፣ በሽልማቱ ዓይን ውስጥ ሊገቡ የሚችሉበት መንገድ አልነበረም። ከዚህም በላይ በፊልሙ ውስጥ የሚታዩት ገበሬዎች ፊታቸው ይታያል እንጂ ስለ መሬታቸው፣ ስለ ግብራቸው፣ ስለሸጡት በሬ ራሳቸው የሚሉት ብዙም አይሰማም። ምን እንደ ደረሰባቸው ይታያል፤ ለምን እንደ ደረሰባቸው ግን ጥቂት ብቻ ነው የሚነገረው። ከ40,000 እስከ 200,000 ሰው እንደ ጨረሰ የሚገመተው ረሃብ ዝናብ ስለ ቀረ ብቻ የመጣ እንዳልሆነ ለማወቅ ተመልካቹ ሌላ ምንጭ መፈለግ ነበረበት።

የአዲስ ዓመት ምሽት

ፊልሙ ለሁለተኛ ጊዜ የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ነው። ዕለቱ የዘመን መለወጫ በዓል ነበር። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወረዱ።

በዚያ ምሽት የታየው ግን ለንደን ላይ የተሸለመው ፊልም እንዳለ አልነበረም። ደርግ በወሎ ረሃብተኞች ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳዩ ምስሎችን አስገብቶበታል። በዚህ መልክ የተሠራው ፊልም በውጭ አገር ጸሐፍት ዘንድ «ስውሩ ረሃብ» በሚል ስም ይታወቃል። የስሙ ለውጥ ቀላል ለውጥ አይደለም። «ያልታወቀ» የሚለው ቃል አድራጊ የለውም፤ «ስውር» ሲባል ግን የሰወረ አለ ማለት ነው። የመጀመሪያው ርእስ ያሳውቃል፤ ሁለተኛው ይከስሳል።

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ ከተጀመረ ያን ጊዜ ገና 10 ዓመት ገደማው ነበር፤ ሥርጭቱም በዋናነት በአዲስ አበባና በአካባቢዋ የተወሰነ ነበር። ቢሆንም የምሽቱ ፊልም ያደረሰው ጉዳት ባለቴሌቪዥኖቹ ከነበሩበት ክልል እጅግ አልፎ ሄደ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ ለኖረ ሕዝብ፣ ንጉሥ በአደባባይ ሲከሰስ ማየት ከምስሎቹ ሁሉ የበለጠው ምስል ነበርና።

ሰምና ወርቅ

ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን አስቀምጦ መመዘን የሐያሲ ተግባር ነው። የሁለተኛው ፊልም ዘዴ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ባለ ቅኔው ሁለት ነገር አጠጋግቶ ሦስተኛውን ሰሚው ራሱ እንዲፈታው ይተዋል፤ ሰሙ በጆሮ ይገባል፣ ወርቁ ከሁለቱ መካከል ይገኛል። በፊልሙም የድግሱ ገበታና ባዶው እጅ ተጠጋግተው ሲታዩ፣ አንድም ሰው ያልተናገረው ፍርድ በተመልካቹ ልቡና ውስጥ ይወለዳል። በጥበብ ዓይን ብቻ ከታየ ሁለተኛው ፊልም ከመጀመሪያው የበረታ ነው። የመጀመሪያው ሐዘንን ይቀሰቅሳል፤ ሁለተኛው ሐዘንንና ቁጣን አዋሕዶ ይለቃል።

በጋዜጠኝነት ሚዛን ሲመዘን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቅኔ ከሰሚው ጋር ውል አለው፤ ሰሚው ቅኔ እየሰማ መሆኑን ያውቃል፣ ሰሙን ለእውነት አይወስደውም። ዘገባ የሚያይ ተመልካች ግን በአንድነት የቀረቡለት ምስሎች በአንድ ጊዜና በአንድ ጉዳይ የተሳሰሩ ናቸው ብሎ ያምናል። ድግሱም እውነት ነበር፤ ረሃቡም እውነት ነበር። ድግሱ የተደገሰበት ቀንና ረሃብተኛው የተቀረጸበት ቀን ግን አንድ መሆኑን ፊልሙ አላስረዳም፤ እንዲያስረዳም አልተፈለገም። የሁለት እውነት መገጣጠም ሁልጊዜ ሦስተኛ እውነት አያወጣም። በዚህ አሠራር የወሎ ገበሬ ምስል ስለ ራሱ ከመመስከር ወጥቶ ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ማስረጃ ሆኖ ተጠራ።

ንጉሣዊው መንግሥት ረሃቡን በመደበቁ ሊከሰስ አይገባውም ነበር የሚል አይኖርም። ክሱ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ተገቢ ክስም ተገቢ ማስረጃ ይሻል። የለንደኑ ሥራ ዋጋ የሚገለጸውም እዚህ ላይ ነው፤ ማንም ቆራርጦ ለፈለገው ዓላማ ቢያውለው እንኳ፣ ወደ መጀመሪያው መልኩ ተመልሶ ሲታይ የተራበውን ሰው እንደ ተራበ ሰው ብቻ ያሳያል። ምስክርነቱ ከተጠቀመበት ሁሉ በላይ ይኖራል። የማስተላለፊያ ጋዜጠኝነት ልቀት መለኪያ ይህ ከሆነ፣ የዲምብልቢ ሽልማት ሊሰጠው ለሚገባ ሥራ ተሰጥቷል።

ከ11 ዓመት በኋላ

የዚህ ጉዳይ መራራ ክፍል የመጣው ኋላ ነው። በ1966 ዓ.ም. የተገለጠውን ረሃብ ተከትሎ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ይኸው ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ሚሊዮኖች ለረሃብ እንደ ተጋለጡ ለለጋሽ አገሮች አስታወቀ። ማስጠንቀቂያው የኢትዮጵያውያን ማስጠንቀቂያ ነበር፤ እንደ ዩኒቨርሲቲው መምህራን ፎቶግራፎች ሁሉ እሱም ሰሚ አጣ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር፣ የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይጓዙ ተከለከሉ። የድግስንና የረሃብን ምስል አጠጋግቶ ዙፋን ያናጋው መንግሥት፣ በራሱ ድግስ ቀን የራሱን ረሃብ ከካሜራ ሰወረ።

ክልከላው ሲላላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢ.ቢ.ሲ. የታየው የኮረም ዘገባ የዓለምን ሕዝብ አስደነገጠ። ቃሉ የማይክል በርክ ነበር፤ ምስሉ የኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ የመሐመድ አሚን። በዚህ ዘገባም የሚታየው የ1966ቱ ቁጥብነት ነው፦ ዝግ ያለ ካሜራ፣ ጥቂት ቃል፣ ምስሉን የማይቀድም ድምፅ። ሥራው እንደ ቀድሞው ላቅ ያለ ነበር። ዳሩ ግን ላቅ ያለ ሥራ ለሁለተኛ ጊዜ ማስፈለጉ ራሱ ሊያሳዝን ይገባል። በ1966 ዓ.ም. የታየው ፊልም የሚቀጥለውን ረሃብ የሚያስቀር ትምህርት ቢሆን ኖሮ፣ የኮረሙ ዘገባ ባልተሠራ ነበር። ጋዜጠኝነት ረሃብን ሊገልጥ ይችላል፤ ዳግም እንዳይደበቅ የሚያደርገው ግን በየቀኑ የሚናገርና የማይታፈን የአገር ውስጥ ድምፅ ነው። ሌላ ካሜራ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ የሚጠበቅ ከሆነ፣ ካሜራው ሁልጊዜ የሚደርሰው ሰው ካለቀ በኋላ ነው።

የሚዛኑ ጉድለት

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍርድ ሁለት ወገን አለው። የዲምብልቢ ሽልማት የመረጠው ሥራ ትክክለኛ ነው፤ ሽልማቱ የተሰፈረበት መስፈሪያ ግን ጠባብ ነው። ጠባብነቱ አንድን ምስክርነት በአንድ ፊት ውስጥ ብቻ ማየቱ ላይ ነው። በመስኮቱ ላይ ከሚታየው ሰው ኋላ ካሜራውን የተሸከመ፣ ምስሉን ቆርጦ የቀጠለ፣ መንገዱን ያመለከተ፣ ቋንቋውን ያስተረጎመ አለ። ከሁሉም በፊት ደግሞ ገጽታውን ለማያውቀው ካሜራ ያለ ክፍያና ያለ ምርጫ የሰጠ ገበሬ አለ። የመሐመድ አሚን ስም በዓለም መታወቁ ይህ ጉድለት ሊታረም እንደሚችል ያሳያል፤ ከካሜራ ኋላ የቆመ ሰው ከካሜራ ፊት ከቆመው ጋር እኩል ሊታወስ ይችላል።

በመሆኑም የማስተላለፊያ ጋዜጠኝነትን የሚሸልም ማንኛውም ዳኛ፣ በለንደንም ይሁን በአዲስ አበባ፣ ሦስት ጥያቄ ሊጠይቅ ይገባዋል። የመጀመሪያው፦ ሥራው ያሳየውን ነገር ከእርሱ በፊት ማን አይቶት ነበር፣ የእነዚያስ ድምፅ በሥራው ውስጥ ቦታ አግኝቷል ወይ? ሁለተኛው፦ የተቀረጸው ሰው ፊቱ ብቻ ታየ ወይስ ቃሉም ተሰማ? ሦስተኛውና ዋነኛው፦ ምስሉ ጊዜው ሲያልፍ፣ ባለሥልጣኑ ሲለወጥ፣ በሌላ እጅ ሲገባ እንደ ማስረጃ ጸንቶ ይቆማል ወይ? «ያልታወቀው ረሃብ» ሦስተኛውን ጥያቄ በክብር ያልፋል፤ ሁለተኛውን በከፊል፤ በመጀመሪያው ይወድቃል። ለአንድ ሥራ ይህ ትንሽ ውጤት አይደለም። ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን ብቻ ለጠየቀ ሽልማት ግን የሚያሳስብ ነው።

የሪቻርድ ዲምብልቢ አለቆች በ1945 የቤልሰንን ዘገባ ለማመን ሌላ ማረጋገጫ ጠብቀው ነበር። የወሎ መምህራን ፎቶግራፍ ለመታመን የለንደን ካሜራ አስፈለገው። የኮሚሽኑ ማስጠንቀቂያ ለመታመን የኮረም ምስል አስፈለገው። በሦስቱም ጊዜ ያየ ሰው ተናግሮ ነበር። ላቅ ላለ ጋዜጠኝነት የሚሰጥ ሽልማት ሙሉ ክብሩን የሚያገኘው፣ አስቀድሞ ያየውንና የተናገረውን ሰው ከምስሉ ጋር አብሮ ሲያከብር ነው።